ዋና ለማይችል አዋቂ፦ ከኤሪክ ሙሳምባኒ 100 ሜትር ምን እንማራለን

ሲድኒ ኦሎምፒክ ሲባል ለኛ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኃይሌና ፖል ቴርጋት ናቸው፣ ያቺ በ0.09 ሰከንድ የተለያዩባት 10 ሺህ ሜትር። እኔም እንደዛው ነበርኩ። በ34 ዓመቴ ዋና መማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከዛ ኦሎምፒክ ደጋግሜ የማየው ሌላ ቪዲዮ ሆኗል፣ የኃይሌ ሩጫ ሊደረግ 6 ቀን ሲቀረው መስከረም 9 ቀን 1993 (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 19፣ 2000) የተካሄደ የ100 ሜትር ፍሪስታይል ማጣሪያ። ገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኤሪክ ሙሳምባኒ ይባላል፣ ከኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ያኔ 22 ዓመቱ። አብረውት ሊዋኙ የነበሩት የኒጀርና የታጂኪስታን ልጆች ከመነሻው ድምፅ ቀድመው ዘለው ገቡና ተሰረዙ፣ እሱ ብቻውን ቀረ።

100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ጨረሰ። በዛው ቀን ሆላንዳዊው ፒተር ቫን ደን ሆገንባንድ በግማሽ ፍጻሜ በ47.84 ሰከንድ የዓለም ሬከርድ ሰበረ፣ ልዩነቱን እናንተ አስሉት። የመጨረሻዎቹ 20 ሜትሮች ላይ ሰውየው ይሰምጣል ብላችሁ ልባችሁ ነው የሚሰቀለው። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው እያጨበጨበና እየጮኸ ነው ያስጨረሰው።

ለምን ደጋግሜ አየዋለሁ መሰላችሁ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ዋና የሚጀምር ሁሉ የሚሠራው ስህተት እዛች ሁለት ደቂቃ ባልሞላች ቪዲዮ ውስጥ አንድ በአንድ አለ። ኤሪክ ሰነፍ አልነበረም፣ ጡንቻም ወኔም አለው፣ የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው። ማለቴ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ መንሳፈፍ፣ ከዛ እግር፣ ከዛ እጅ፣ ርቀት መጨረሻ። እሱ ይሄን የሚያሳየው ሰው ሳያገኝ ቀጥታ ርቀቱ ላይ ተጣለ። እኛን ኦሎምፒክ አይጠብቀንም፣ ጊዜ አለን፣ ስለዚህ በተራው እንሂድ።

ገንዳው

ኤሪክ ዋና የጀመረው ከኦሎምፒኩ 8 ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። አገሩ ላይ ማላቦ ከተማ ያገኘው ገንዳ የሆቴል ነው፣ ርዝመቱ 12 ሜትር አካባቢ፣ እሱም እንግዳ ሳይነሳ በጠዋት ነው የሚፈቀድለት። አሰልጣኝ የሚባል የለም። ባህርና ወንዝ ላይም ይለማመድ ነበር፣ እዛ ደሞ የሚመክሩት አሳ አጥማጆች ናቸው።

12 ሜትር ገንዳ ሰውን እንዴት እንደሚሸውድ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እኔም በሱ ነው የጀመርኩት። ግድግዳውን በእግራችሁ ገፍታችሁ ስትነሱ ሲሶውን መንገድ በነጻ ትሄዳላችሁ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዘፍ ቀዘፍ ስታደርጉ ሌላኛው ዳር ላይ ናችሁ፣ ዳሩን ይዛችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ ከዛ "ዋና ቻልኩ" ብላችሁ ለጓደኛ ትደውላላችሁ። ኤሪክ 50 ሜትር ገንዳ በዓይኑ ያየው ሲድኒ ሲደርስ ነው። በዛ ላይ 50 ሜትር ነው የምዋኘው ብሎ ሄዶ የለም 100 ነው ተባለ።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ወር ትንሽ ገንዳ ምንም አይልም፣ እንደውም ደረታችሁ ድረስ የሚደርስ ውሃ ካለው ከትልቁ ይሻላል። ከዛ በኋላ ግን 25 ሜትር ፈልጉ። አዲስ አበባ ሂልተን ያለው የመስቀል ቅርፅ ያለው በፍል ውሃ የሚሞቀው ገንዳ ለመዝናናት ልዩ ነው፣ ቀጥ ብሎ ላፕ ለመመላለስ ግን ለኔ አይመቸኝም። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ፑላችሁ ብዙ ጊዜ በያርድ እንደሆነ እወቁት፣ 25 ያርድ ማለት 23 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሰዓታችሁን እዚህ ካለ ሰው ጋ አታወዳድሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት ገንዳው ዳር ሄዳችሁ ቆማችሁ እዩት። ጥልቀቱ የት የት ጋ ተጽፏል? ታች ያለው ሴራሚክ መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያል ወይ? እሱ ካልታየ የሰመጠ ሰውም አይታይም፣ ሂዱ ከዛ። የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ፣ ካለስ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው ስልኩ ላይ?

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንቴ የሆነ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ቆሜ ከሰው ጋ እያወራሁ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስራመድ ድንገት ወለሉ አለቀ። ፊልም ላይ እንደምታዩት ጩኸት መንፈራገጥ ምናምን የለም። አፌን እንደከፈትኩ የጣራውን መብራት ከውሃ ስር ሆኜ ሳየው ነው ትዝ የሚለኝ፣ ነጭ ሆኖ ይወዛወዛል። ጠባቂው ወንበሩ ላይ ስልኩን ይነካካል። ያተረፈኝ አጠገቤ በቦርድ (ጀማሪ ይዞት የሚንሳፈፍበት ሰሌዳ) የሚዋኝ የ10 ዓመት ልጅ ነው፣ ቦርዱን ወደ እኔ ገፋና "ጋሼ ያዘው! ጋሼ ያዘው!" አለ። ያዝኩት። ልጁ ከዛ በኋላ ባየኝ ቁጥር ይስቃል፣ ይሳቅ።

ልብስና እቃ

እዚህ ላይ ብዙ አላወራም። የዋና መነፅር ግዙ፣ ሳትገዙ በፊት ላስቲኩን ሳታስሩ ዓይናችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይወድቅ ከቆየ ይሆናችኋል። ኤሪክ ራሱ ሲድኒ ሲገባ ደህና የመወዳደሪያ ልብስና መነፅር አልነበረውም፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ አሰልጣኝ ነው አይቶት የሰጠው። ከጥጥ የተሠራ ቁምጣና ቲሸርት ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትታችኋል፣ ተዉት።

ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ፀጉር ነው። ክሎሪኑ እንዳያደርቀው ከመግባታችሁ በፊት በንጹህ ውሃ በደንብ አርሱት፣ ውሃ የጠገበ ፀጉር የገንዳውን ውሃ ብዙ አይስብም፣ ከዛ ካፕ። ሹሩባ ከሆነ ሰፋ ያለ ካፕ አለ፣ ፈልጉ። ቅቤ ተቀብታችሁ ግን እንዳትመጡ አደራ፣ አንድ ቀን አንዲት እህቴ የምትሆን ሴት ለጋ ቅቤዋን እንደተቀባች ገብታ ገንዳው ላይ ዘይት ተንሳፎ ሁላችንም ወጣን።

ትንፋሽ፣ ትንፋሽ፣ ትንፋሽ

ቪዲዮው ላይ የኤሪክን ጭንቅላት ብቻ እዩ። ከመጀመሪያዎቹ ሜትሮች በኋላ ፊቱ ከውሃ በላይ ነው፣ አየር ፍለጋ አንገቱን ወደ ላይ ይወጥራል። ጭንቅላት ወደ ላይ ሲወጣ ዳሌና እግር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሚዛን ነው በቃ፣ በአንድ በኩል ከፍ ስታደርጉት በሌላ በኩል ይወርዳል። እግሩ ሲወርድ ገላው ውሃውን እንደ በር ይገፋዋል፣ ይደክመዋል፣ ሲደክመው አየር ይፈልጋል፣ አየር ሲፈልግ አሁንም ጭንቅላቱን ያወጣል። ይሄ ዙር ነው ሰውየውን የጨረሰው።

የነገሩ ሥር ያለው አየር ማስገባቱ ላይ አይደለም ማስወጣቱ ላይ ነው። ሁላችንም ስንጀምር ፊታችንን ውሃ ውስጥ ስንከት ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ከዛ ቀና ስንል በዛች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የቆየውንም ማስወጣት አዲሱንም መሳብ እንፈልጋለን፣ አይበቃም፣ ግማሹ ውሃ ይሆናል፣ ሳል በሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ምንም አትዋኙ። አዎ፣ ከፍላችሁ ገብታችሁ አትዋኙ። ዳሩን ያዙ፣ በአፍ አየር ሳቡ፣ ፊታችሁን ክተቱ፣ ውሃ ውስጥ ሆናችሁ በአፍንጫ "እምምምም" እያላችሁ ቀስ አድርጋችሁ አረፋ ልቀቁ፣ ሊያልቅ ሲል ቀና በሉ፣ ሳቡ፣ ድጋሚ። "እምም" የምትሉ ከሆነ ውሃ በአፍንጫ አይገባም፣ ድምፁ ሲቋረጥ ነው የሚገባው። 20 ጊዜ ሳታቋርጡ ሳትጣደፉ ማድረግ ስትችሉ ከዛ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ይቀላል።

ቤት ውስጥም ይሠራል እኮ፣ በማስታጠቢያ ሳህን ውሃ ሞልታችሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሳደርገው ባለቤቴ መጀመሪያ ጊዜ ያየችኝ ቀን ደንግጣ ሳህኑን ገለበጠችብኝ።

አዲስ አበባ ላይ ደሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ከተማው ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ቆላ ካለ ሰው ያንሳል። ስትራመዱ አይታወቃችሁም፣ ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ሲሆን ግን ይታወቃችኋል። ዱባይ ወይ ቴል አቪቭ ሆኖ የተማረ ዘመድ "ምን ያስቸግራል" ካላችሁ እዚህ ሲመጣ አብራችሁ ግቡና እዩት።

መንሳፈፍና መቆም

ሁለተኛው ሳምንት ይሄ ነው። ሳንባችሁን ሙሉ፣ ፊታችሁን ክተቱ፣ እጅና እግር ዘርጉ፣ ምንም አታድርጉ። አብዛኛው ሰው ይንሳፈፋል፣ ቀጫጭኖችና ጡንቻ ያላቸው እግራቸው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ያ ችግር አይደለም፣ ደረታችሁ ላይ ያለው አየር እንደ ፊኛ ይዟችኋል። ዓይናችሁ ታች ወለሉን ይይ፣ ፊት ለፊት አይደለም። አገጫችሁን ቀና ያደረጋችሁ ቀን እግራችሁ ይሰምጣል፣ እንዳልኩት ሚዛን ነው።

ብዙ አስተማሪ የሚዘለው ግን ከመንሳፈፉ ወደ መቆም እንዴት እንደሚመለሱ ነው፣ ለኔ ደሞ ፍርሃቱ ሁሉ ያለው እዛ ላይ ነበር። ሰው ሆዱ ላይ ተንሳፎ እያለ መቆም ሲፈልግ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ እግሩ ግን ገና ኋላ ነው፣ ይንፈራገጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው ወገቡ ድረስ ሆኖ ይሰምጣል። እንዲህ አድርጉ፦ ጉልበታችሁን ወደ ሆዳችሁ ሰብስቡ፣ በሁለት መዳፋችሁ ውሃውን ወደ ታች ጫን አድርጉት፣ ያኔ እግራችሁ ራሱ ከስራችሁ ይመጣል፣ ወለሉ ሲነካችሁ ብቻ ጭንቅላት ይውጣ። ጉልበት፣ መዳፍ፣ ወለል፣ ጭንቅላት። በጀርባም እንደዚሁ ተለማመዱት። ይሄን 30 ጊዜ ካደረጋችሁ ውሃውን አትፈሩትም፣ መውጫውን ስለምታውቁት።

እግር

እዚህ ላይ እኛ ሀገር ያለን ሰዎች የራሳችን ችግር አለብን። ሲሮጥ ሲራመድ የኖረ ቁርጭምጭሚት ደረቅ ነው፣ ዋና ደሞ እንደ ባሌሪና የተዘረጋ ልል እግር ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያ ቀን ቦርድ ይዤ እግሬን ስመታ ስመታ ቆይቼ ቀና ብዬ ሳይ ወደ ኋላ ሄጃለሁ። እውነቴን ነው፣ ወደ ኋላ። ኮቼ ሳቁን መያዝ አቅቶት "ሪቨርስ ገባህ እንዴ" አለኝ። ጣቶቼ ወደ ታች ታጥፈው ውሃውን ወደ ፊት ስለሚገፉት ነው።

መምታት ያለባችሁ ከዳሌ ነው፣ ጉልበት ትንሽ ልል ይበል እንጂ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አይታጠፍ። ቤት ስትቀመጡ ተረከዛችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ (ተንበርክካችሁ፣ የእግራችሁ ጀርባ ምንጣፉን ነክቶ) ቴሌቪዥን እዩ፣ መጀመሪያ ያማል፣ በወር ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ይለቃል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆናችሁ ግን ይቅርባችሁ። እግር ለጀማሪ ዋናው ሥራው ወደ ፊት መግፋት አይደለም፣ ዳሌያችሁን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ስለዚህ በኃይል አትምቱ፣ ትልልቅ ጡንቻ ስለሆነ አየሩን ሁሉ እሱ ነው የሚበላው።

እጅና ወደ ጎን መተንፈስ

እጅ ራሱ ከባድ አይደለም፣ አንዱ ፊት ተዘርግቶ ይጠብቃል ሌላው ይቀዝፋል፣ ይደርስና ይተካዋል። ከባዱ ትንፋሹን ከሱ ጋ ማግጠም ነው። ቀኝ እጃችሁ ወደ ኋላ ሲቀዝፍ ትከሻችሁ አብሮ ይዞር፣ ጭንቅላታችሁ ትከሻውን ተከትሎ ይዙር እንጂ አይነሳ፣ አንድ ጆሮ ውሃ ውስጥ ይቅር፣ አንድ መነፅር ውሃ ውስጥ ይቅር። ግማሽ አፍ ብቻ ነው የሚወጣው። ኮቼ "ጆሮህን ትከሻህ ላይ ተንተራስ፣ ትራስ ነው በለው" ይለኝ ነበር፣ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሠራልኝ ይሄ ነው። አሁን ኤሪክን ድጋሚ እዩት፣ የትም ቦታ ሲንተራስ አታዩትም።

ፍጥነት፣ ማለትም ቀስ ማለት

ኤሪክ ወደ ውሃው ሲገባ ዝላዩ መጥፎ አይደለም፣ የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ41 ሰከንድ አካባቢ ዋኘው። ለ8 ወር ተማሪ በጣም ጥሩ ነው። ሁለተኛው 50 ግን ከ70 ሰከንድ በላይ ፈጀበት። ከዞረ በኋላ እግሩ የሱ አልመስል አለው፣ እጁ ይንቀሳቀሳል እሱ ግን ባለበት ነው። 12 ሜትር ላይ ለተለማመደ ሰው ያ የመጀመሪያው 50 የሚያውቀው ፍጥነት ነው፣ ሌላ ፍጥነት አያውቅማ። ዳር የለም፣ የሚያዝ ነገር የለም።

እኔም ይሄንኑ ሠርቻለሁ፣ ያውም ቪዲዮውን አይቼ፣ ያውም እያወቅኩ። 25 ሜትር በቻልኩ በሦስተኛው ቀን 50 ልሞክር ብዬ ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ 35 ሜትር ላይ የመስመሩን ገመድ አቅፌ ቀረሁ። አጠገቤ ያለው መስመር ላይ አንዲት እናቴ የሚሆኑ ሴትዮ ቀስ... ቀስ... እያሉ ያልፋሉ፣ ስገባ እየዋኙ ነበር ስወጣም እየዋኙ ነበር። በኋላ "እማማ እንዴት አይደክምዎትም?" ብላቸው "ልጄ፣ ማን ይከተለኛል?" አሉኝ።

እንግዲህ እንዲህ ሥሩ። 25 ሜትር ዋኙ፣ 45 ሰከንድ ወይ አንድ ደቂቃ እረፉ፣ ድጋሚ፣ በአጠቃላይ 8 ጊዜ። ዳር ስትደርሱ ይቺን ፈተና አድርጉ፦ "እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላችሁ ሳትቆራረጡ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ ሞክሩ። "ልጆቹ" ላይ ከተቆረጠባችሁ በጣም ፈጥናችኋል፣ ቀጣዩን ቀስ በሉ። እስከ መጨረሻው ከቻላችሁ እረፍቱን በየሳምንቱ 10 ሰከንድ ቀንሱ። እረፍቱ 10 ሰከንድ ሲደርስ 50 ሜትር በራሱ ይመጣል፣ 50ው በራሱ 100 ይሆናል። እኔ ከመጀመሪያው ቀን 100 ሜትር ሳልቆም እስክጨርስ 5 ወር ፈጅቶብኛል፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በሳምንት አንድ ቀን የሚሄድ ሰው ግን ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ገላው ይረሳዋል፣ ከቻላችሁ ለሁለት ወር አጥብቃችሁ ሂዱና ከዛ ቀንሱት።

የመጀመሪያዋ 100 ሜትሬ ስንት ሆነች? 3 ደቂቃ ከ10። ኤሪክ በዛ ሁሉ ስቃይ ውስጥ ሆኖ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይበልጠኛል፣ ስለዚህ በሱ ላይ ለመሳቅ መብቱ የለኝም።

ስለ ሮቤል ስንናገር

በፈረንጆቹ 2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ የኛን ባንዲራ ይዞ ገብቶ 100 ሜትር ፍሪስታይል በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲዋኝ ፌስቡክ ላይ ያልሳቀ ማን አለ። እኔ ስቄያለሁ፣ ሜም ሼር አድርጌያለሁ፣ ያኔ 10 ሜትር እንኳ አልዋኝም ነበር። ለምን እሱ ተመረጠ ተብሎ የተባለውን ሁሉ ትቼ ሰዓቱን ብቻ ስናገር፣ ኦሎምፒክ ላይ ሩቅ ነው፣ ሰፈራችን ገንዳ ግን አምጡትና ማን ይቀድመዋል። ልጁ ሲናገር ኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉም ሰው ይሮጣል እኔ ግን መዋኘት ነው የፈለግኩት ነበር ያለው። ኤሪክም ሲድኒ ላይ ባንዲራ ያዥ ነበር፣ ይገርማል አይደል።

እንዲህ ዓይነት ዋናተኞች ኦሎምፒክ የሚደርሱት ሚኒማ (ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት) አሟልተው ሳይሆን ስፖርቱ ባላደገባቸው አገሮች ላሉ በሚሰጥ ልዩ ቦታ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄ አሰራር ይቅር ይላል፣ እኔ አይመስለኝም፣ ምክንያቴ ደሞ ቀጥሎ ያለው ነው።

ከዛ በኋላ የሆነው

ብዙ ሰው የኤሪክን ታሪክ ሲድኒ ላይ ያቆመዋል። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ ሄዶ መዋኘቱን ቀጠለ፣ በደንብ ተለማመደ፣ ደህና ገንዳ አገኘ፣ በአራት ዓመት ውስጥ 100 ሜትሩን ከ57 ሰከንድ በታች አወረደው። ከ1 ደቂቃ ከ52 ወደ 57፣ ግማሽ በሉት። ይሄ ሰዓት ሪዮ ላይ ሮቤልን በደንብ ይቀድመዋል። አቴንስ 2004 ላይ ግን በቪዛ ጣጣ ምክንያት ሳይሄድ ቀረ፣ ያን አዲሱን ኤሪክ ዓለም ሳያየው ቀረ ማለት ነው፣ እኔ እሱ ሁሌ ያናድደኛል። በኋላ ኑሮው ነዳጅ ዘርፍ ላይ በአይቲ ሙያ ሆነ፣ በፈረንጆቹ 2012 ደሞ የአገሩ ብሔራዊ ዋና ቡድን አሰልጣኝ ተደርጎ ተሾመ። አገሩም 50 ሜትር ገንዳ ያለው አገር ሆኗል።

ለኛ የሚጠቅመው ነገር ቁጥሩ ውስጥ ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ቁመቱ ያው፣ ክንዱ ያው። 55 ሰከንድ የቀነሰው ጉልበት ጨምሮ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላቱን አስገብቶ፣ እግሩን አንስቶ፣ ትንፋሹን አስተካክሎ ነው። ጀማሪ ስትሆኑ ከጂም ይልቅ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ከጎን ቪዲዮ ቢያነሳችሁ በጣም ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያ ቪዲዮዬን ሳየው አግድም የምዋኝ መስሎኝ የነበረው ሰው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቁሞ ነበር።

ሐይቅ ስትሄዱ

ገንዳ የቻለ ሐይቅ ቻለ ማለት አይደለም። ቢሾፍቱ ያሉት ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ናቸው፣ ከዳር ሁለት ሦስት እርምጃ ብላችሁ ወለሉ ገደል ይሆናል፣ እኔ ሆቴሉ ገንዳ ላይ የደረሰብኝን አስቡትና በብዙ አባዙት። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ላይ ደሞ ቢልሃርዚያ (ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለ፣ ቀንድ አውጣ ካለበት ሣራማ ዳር አትግቡ፣ ከገባችሁም ከሳምንታት በኋላ ምርመራ አድርጉ። ብዙ ሰው ለዋና የሚመርጠው ላንጋኖን ነው፣ ውሃው ግን ቡናማ ስለሆነ ልጅ አንዴ ከጠለቀ አይታይም፣ ክንዳችሁ ከሚደርስበት አይራቅ።

ሰው ሲሰምጥ ካያችሁ፣ በተለይ አሁን 100 ሜትር ቻልኩ ብላችሁ ኩራት የተሰማችሁ ሰዎች፣ ዘላችሁ አትግቡ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል አይደል፣ አረፋ የሚጨብጥ ሰው አንገታችሁን ካገኘ አይለቅም፣ ሁለት ሬሳ ነው የሚወጣው። ሆዳችሁ ላይ ተኝታችሁ ዱላ ዘርጉለት፣ ነጠላ ጫፉን ቋጥራችሁ ወርውሩለት፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ባዶ ቢጫ ጄሪካን ነው፣ ክዳኑ በደንብ ከተጠበቀ ትልቅ ሰው ይዞ ይንሳፈፋል። እኛ ላንጋኖ ስንሄድ 15 ሜትር ገመድ የታሰረባት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን መኪናው ኋላ ትገባለች፣ መወርወሩንም እዛው እንደደረስን ልጆቹ ሳይገቡ እንለማመደዋለን፣ ምክንያቱም ትንሽ ውሃ ካልጨመራችሁባት በንፋስ ወደ እናንተው ነው የምትመለሰው፣ አንድ ሁለት ሊትር በቂ ነው።